ያልተፈረመው ውክልና

አክስቴ የአባባን ቤት ልትሰርቅ እንደመጣች ያወቅኩት በሜትሯ ነው። በገባች በማግስቱ፣ ገና ሻንጣዋን ሳትፈታ፣ ከቦርሳዋ ቢጫ ሜትር አውጥታ የአባባን መኝታ ቤት በር ስፋት ለካች። ቀጥላ የመታጠቢያ ቤቱን በር ለካች። ከዚያ ከአልጋው እስከ በሩ ያለውን። የለካችውን በትንሽ ደብተር ጻፈችና ሜትሩን ጥርቅ አድርጋ ዘጋችው። ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ሞኝ ግን አይደለሁም። የማይሸጥ ቤት ማን ይለካል?

መጠራጠር ለእኔ ሥራዬ ነበር። አያቴ፣ አባባ፣ አሮጌ የቤት ዕቃ ነጋዴ ነበር። ሰው የሰለቸውን ጠረጴዛና ቁም ሳጥን ይገዛል፣ ይጠግናል፣ ከቤታችን ዝቅ ብላ መንገድ ዳር ባለችው ሱቁ ይሸጣል። ሊገዛ ሲሄድ እኔን ይዞ ነው። እሱ ከባለቤቱ ጋር ስለ ጤና ስለ ኑሮ ሲጨዋወት እኔ የምጫወት መስዬ ጠረጴዛው ሥር እገባለሁ። ነቀዝ የበላው እንጨት ከላይ ቢወለወልም ከሥሩ ዱቄቱን ያራግፋል። ወጥቼ የአባባን እጅ እይዛለሁ። ዕቃው ጤነኛ ከሆነ አንድ ጊዜ ጨመቅ፣ ነቀዝ ካለበት ሁለት ጊዜ ጨመቅ። ሁለት ጊዜ ከጨመቅኩት አባባ አይከራከርም፣ ዕቃውንም አያጣጥልም። «እናስብበት» ብሎ ይነሳል። መንገድ ላይ «የሰው ዕቃ ፊት ለፊት አይነቀፍም» ይለኛል። ስሜን ትቶ «መርማሪዋ» ነበር የሚለኝ፤ እኔም ሹመቱን ከልቤ ነበር የያዝኩት።

በዚያ ዓመት አባባ መርሳት ጀመረ። አንዱን ወንበር ለሁለት ሰው ሸጠ። ጫማውን መሳቢያ ውስጥ ቆልፎ ጫማዬን ሰረቁኝ አለ። እናቴ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ነበረች፤ በማለዳ ወጥታ አመሻሽ ላይ ነው የምትገባው። እኛ ቤት አባት የሚባል አልነበረም። ስለዚህ ለእህቷ ጻፈችላት። አክስቴ ሌላ ከተማ የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበረች፤ አርባ ሁለት ዓመቷ፣ ያላገባች፣ ረጅም፣ ሳቅ የማይቀናት ሴት። አባባ ሁለቱን ልጆቹን «ትልቋ» እና «ትንሿ» ነበር የሚላቸው። ትልቋ አንድ ሻንጣና አንድ ወፍራም ሰማያዊ ፋይል ይዛ መጣች። ፋይሉን ማታ ማታ ትራሷ ሥር ታስገባዋለች። ፋይል ተንተርሶ የሚተኛ ሰው ያኔ ነው መጀመሪያ ያየሁት።

ሁለተኛው ማስረጃዬ የጠዋቱ ጥያቄ ነው። አባባ ፊቱን ታጥቦ ሲቀመጥ አክስቴ ፊት ለፊቱ ወንበር ትስባለች።

«አባዬ፣ እኔ ማነኝ?»

«ትልቋ።»

«ዛሬ ምን ቀን ነው?»

ይህን አንዳንዴ ያገኘዋል፣ አንዳንዴ ወደ መስኮቱ ያያል።

«ማንን ነው የምትወክለው?»

«አንቺን።»

«ምን እንዳደርግልህ?»

«ሱቁን እንድትሸጪ። አስታማሚ እንድትቀጥሪልኝ። ከቤቴ እንዳልወጣ።»

«ጎበዝ» ትለዋለች፤ ትከሻውን መታ መታ ታደርገዋለች። እኔ ከበሩ ኋላ ቆሜ እሰማለሁ። ትልቅ ሰውን፣ ያውም የእኔን አባባ፣ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ቃል በቃል ታስጠናዋለች። ያላሰበውን ልታናግረው ነው ብዬ ደመደምኩ።

በኋላ እንዳወቅኩት፣ ጥያቄዎቹን ያወጣው ራሱ አባባ ነበር። አክስቴ በመጣች በሦስተኛው ቀን፣ ልቡ ጥርት ብሎ በነበረበት ጠዋት፣ ጠርቷት «እየሄድኩ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ሳልሄድ ነገሬን አስተካክይልኝ። ጠዋት ጠዋት እየጠየቅሽ ፈትኚኝ፤ የማላውቀውን አልፈርምም» ብሏታል። እኔ ያኔ ትምህርት ቤት ነበርኩ።

ውክልና የሚለው ቃል ጭንቅላቴ ውስጥ እንደ ጉንዳን ሲመላለስ ሰነበተ፤ በመጨረሻ ቁልፍ ቀራጩ ዘንድ ሄድኩ። ከሱቃችን አጠገብ ሰው ሁለት ትከሻውን ይዞ የማይገባባት ጠባብ ሱቅ ነበረችው። የሰፈሩን ሁሉ በር ስለሚያውቅ የሰፈሩን ሁሉ ነገር የሚያውቅ ይመስለኝ ነበር።

«ውክልና ምንድን ነው?» አልኩት።

ሞረዱን አስቀመጠ። «ማን ለማን ሊሰጥ ነው?»

«እንዲሁ ነው።»

«እንዲሁ ተብሎ ውክልና አይጠየቅም። ውክልና ማለት፣ አንዱ ፊርማውን አውልቆ ለሌላው ያለብሰዋል። ከዚያ ወዲያ ባለቤቱ ቆሞ ማየት ነው።»

«ቤትም ይሸጥበታል?»

«ቤት? አንቺ ደግሞ! ባለቤቱን ከነቤቱ።» ወደ መንገዱ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አክስትሽ ትናንት ሦስት ሦስት ቅጂ አስቀርጻኛለች፤ የሱቁንም የቤቱንም። አንዲት ሴት ናት፤ ሦስት ቁልፍ ምን ይሠራላታል?»

ለገዢ ልትሰጥ ነው አልኩ። ሰውየው ግን ውሸታም አልነበረም። ካደግኩ በኋላ እንደሰማሁት፣ የገዛ ወንድሙ በእናታቸው ውክልና ቤታቸውን ሸጦ እናትየዋን ኪራይ ቤት ጥሏት ጠፍቷል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው ነገሩ። ሦስቱ ቁልፎች አንዱ ለእናቴ፣ አንዱ ለሚመጣው አስታማሚ፣ አንዱ አባባ በሩን ከውስጥ ዘግቶ ቢወድቅ ለጎረቤት ነበር። ይህን ግን ማን ይንገረኝ? ልጅ ተጠርቶ አይነገረውም።

ገዢዋም መጣች። ቅዳሜ ከሰዓት አክስቴ ጠንካራ ክንድ ያላት ወፍራም ሴት ይዛ ገባች። ሴትየዋ ሰላም አለችንና ቀጥታ አባባ መኝታ ቤት ገባች። ፍራሹን በመዳፏ ተጫነችው። የመታጠቢያ ቤቱን መብራት አበራች አጠፋች፣ ግድግዳውን በጣቷ አንኳኳች። አባባን ከእግር እስከ ራሱ አየችውና «ክብደታቸው ስንት ነው?» አለች። ሰው ከቤቱ ጋር ሲመዘን በዓይኔ አየሁ። ከዚያ ሁለቱ በረንዳ ላይ ቆመው፣ «ከወሩ መጀመሪያ ልገባ እችላለሁ» ስትል ሰማኋት። አክስቴ «ፊርማው እንዳለቀ» አለቻት። ይህች ሴት በኋላ እንደገባኝ በሽተኛ ማንሳትና ማጠብ የሠለጠነች አስታማሚ ነበረች፤ ግድግዳውን ያንኳኳችው መደገፊያ ብረት ይችል እንደሆነ ልታይ ነው። አክስቴም በሮቹን የለካችው ተሽከርካሪ ወንበር ያልፍባቸው እንደሆነ ልታውቅ ነበር።

የመጨረሻውን ከወጥ ቤት ሰማሁ። እናቴ ከሥራ ገብታ እግሯን ውሃ ውስጥ ነክራ ተቀምጣለች፤ አክስቴ ቆማለች።

«ሐኪሙ ከሦስት ወር አያልፍም ብሏል» አለች አክስቴ። «ከዚያ በኋላ ቢፈርም ምን ዋጋ አለው? አሁን ነው መሆን ያለበት።»

«አባዬ እያለ ሱቁን መሸጥ…» ብላ እናቴ አለቀሰች።

«እንግዲህ ምን ላድርግ? አንቺ ንገሪኝ።»

እኔ የሰማሁት አባባ በሦስት ወር ሊሞት እንደሆነና አክስቴ ከሞት ቀድማ ልትፈራረም እንደቸኮለች ነው። ሐኪሙ ያለው ሌላ ነው። ከሦስት ወር በኋላ የሚፈርመውን አያውቀውም፤ የማያውቅ ሰው የፈረመውን ደግሞ ሕግ አይቀበለውም። ጆሮዬ ግማሹን ወስዶ ግማሹን ትቶ ነበር። ያን ሌሊት እናቴን ላስነሳትና ልንገራት አሰብኩ፤ ግን እሷም ተረትታለች፤ ስታለቅስ አይቻለሁ። አባባ ከእኔ በቀር ማንም የለውም አልኩ።

የሰነድ ማረጋገጫው ቢሮ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። አባባ ግራጫ ኮቱን ለብሶ ኮፍያውን አድርጎ ደረጃውን አንድ በአንድ ወጣ። እጁን እኔ ነበርኩ የያዝኩት፤ ያለ እኔ አልሄድም ስላለ ከትምህርት ቤት ቀርቻለሁ። አክስቴ ፋይሉን ታቅፋ ከኋላችን ናት። ተራችን ደርሶ ገባን። መነጽሯን ፀጉሯ ላይ የሰካች የቢሮው ሹም ወረቀቱን ሁሉ ገልጣ ገልጣ አየችና «ቤተሰብ ይውጣልኝ» አለች። «ባለጉዳዩን ለብቻቸው ነው የማናግረው። ደንብ ነው።»

አክስቴ ወጣች። እኔም ልወጣ ስል አባባ እጄን አልለቅ አለ። ዓይኑ መንከራተት ጀመረ።

«ልጅቷ ትቆይ» አለች ሹሟ። «ልጅ ምን ታውቃለች።»

በሕይወቴ ከዚያ የባሰ ስህተት የተናገረ ሰው አልገጠመኝም።

ስሙን ጠየቀችው፤ ነገራት። ቀኑን ጠየቀችው፤ አገኘው። «ማንን ነው የሚወክሉት?»

«ትልቋን ልጄን።»

«ምን እንድታደርግልዎ?»

«ሱቁን ሸጣ አስታማሚ እንድትቀጥርልኝ። ከቤቴ እንዳልወጣ።»

«አእምሮዎ ቢደክምም የሚጸና ውክልና ነው የሚለው። ገብቶዎታል?»

«እሱ ነው ዋናው» አለ አባባ።

«ያስገደደዎት ሰው አለ?»

«እኔን?» ብሎ ሳቀ። ሹሟም ሳቀች። ወረቀቱን አዙራ አቀረበችለትና የሚፈርምበትን በጣቷ አሳየችው።

እኔ ግን መልሶቹን ሁሉ አውቃቸዋለሁ። ከበሩ ኋላ ሆኜ ሦስት ሳምንት ሰምቻቸዋለሁ። ከላይ የተወለወለ ነገር ደግሞ አያታልለኝም። አባባ እስክሪብቶውን በቀኝ እጁ ያዘ፤ ግራው እኔ ዘንድ ነው። የስሙን የመጀመሪያ ፊደል በዚያ በሚያምር ጽሕፈቱ ጻፈ። ቤታችን፣ እናቴ የምትተኛባት ክፍል፣ የእኔ ደብተር ያለበት መሳቢያ፣ ሁሉም በዚያች ፊደል ሲሄድ ታየኝ። እጁን ጨመቅኩት። አንድ። ሁለት።

እስክሪብቶው ቆመ።

አባባ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። ስንት ነገር የረሳው ሰውዬ ይህን አልረሳውም ነበር። ፊቱ ላይ የድሮው ነጋዴ ተመለሰ፤ ጨዋ፣ ዝግ ያለ፣ የማይነበብ። እስክሪብቶውን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አጋደመው።

«እናስብበት» አለ፤ ከወንበሩም ተነሳ።

«ምን አሉኝ አባት? አልፈልግም ነው?»

«እናስብበት።»

ሹሟ ደጋግማ ጠየቀችው፤ ደጋግሞ ያንኑ አላት። መነጽሯን አወረደች፣ ወረቀቱን በሁለት መስመር ሰረዘችው፣ ከሥሩ አንድ ነገር ጻፈች። በሩን ከፍታ ለአክስቴ «ፈቃደኛ አይደሉም» አለቻት። አክስቴ አግዳሚ ወንበር ላይ ነበረች፤ ፋይሉ ከጭኗ ተንሸራቶ ወረቀቱ መሬት ላይ ተዘረገፈ። አላነሳችውም። «አባዬ?» አለች። አባባ ለባዳ በሚያወራበት ትሁት ድምፁ «እናስብበት» አላት። የቀረበለትን ዕቃ አልገዛም ሲል እንዴት እንደሚናገር ታውቀዋለች፤ ልጁ ናት።

እኔ ደረጃውን እየዘለልኩ ነበር የወረድኩት። ቤቱን አድኛለሁ።

ቀጥሎ የሆነውን ያኔ ቁርጥራጩን ነው ያየሁት፤ አሁን ሙሉውን አውቀዋለሁ። ሁለተኛ ቀጠሮ ከአምስት ሳምንት በኋላ ተሰጠ። በዚያ መካከል አባባ መታጠቢያ ቤት ወድቆ ሆስፒታል ተኛ፤ ሲወጣ ስሙን ሲጠይቁት የሞተ ወንድሙን ስም የሚናገር ሰው ሆነ። «ፍርድ ቤት ሂዱ» ተባለ። ፍርድ ቤት አክስቴን ንብረቱን የምታስተዳድር አሳዳሪው ናት እስኪል ዓመት ከስድስት ወር ፈጀ። እስከዚያ ባንክ ያለው የአባባ ነው ተብሎ አይነካም፤ ሱቁም የአባባ ነው ተብሎ አይሸጥም። የሱቁ ጣራ አፍስሶ ያ ሁሉ ጠረጴዛና ቁም ሳጥን በሰበሰ፤ ፍርዱ ሲመጣ አስታማሚ የሚያስቀጥር ዋጋ አልቀረውም። ክንደ ጠንካራዋ አስታማሚ ሌላ ቤት ገባች። አክስቴ ለጡረታ የሚያበቃት አገልግሎት ሊሞላ ሰባት ዓመት ሲቀረው ሥራዋን ለቀቀችና አባባን ራሷ ማንሳት፣ ራሷ ማጠብ ጀመረች። አራት ዓመት። ወገቧ ያኔ የተጎዳ እንደተጎዳ ቀረ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእኔ ነው፤ ግን የጣልኩት የእኔን ብብት ሳይሆን የእሷን ነው።

ያኔ የታዘብኩት አንድ ነገር ቢኖር የጠዋቱ ጥያቄ መቅረቱን ነው። ከዚያ ቀን በኋላ አክስቴ ፊት ለፊቱ ወንበር ስባ «እኔ ማነኝ?» ብላው አታውቅም። ዓላማዋ ስለከሸፈ ነው አልኩ። እንዲያውም ደስ አለኝ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ አክስቴ ሰማያዊውን ፋይል ሰጠችኝ፤ አባባ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነበር። «የቤቱ ወረቀት አለበት፤ አንቺ ያዢው» አለችኝ። ከወረቀቶቹ መካከል በአባባ እጅ የተጻፈ አንድ ገጽ አገኘሁ፤ ውክልናውን ላዘጋጀው ጠበቃ የሰጠው ቃል ነው። ትልቋ ትወክለኝ ይላል። ሱቁ ይሸጥ ይላል። ቤቱ ግን በሕይወት እስካለሁ አይሸጥ፣ ከእኔ በኋላም ትንሿና መርማሪዋ ይኑሩበት፣ ትልቋ አንዳች አትወስድም፣ ራሷ ነው ያለችው ይላል። ቁጭ ብዬ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ፋይሉን ዘግቼ ምንም እንዳላየ ሰው ወጣሁ። ልንገራት ብዬ አፌ ላይ የደረሰበት ቀን ብዙ ነው፤ ዋጥኩት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዲሉ፣ ፊቷን ባየሁ ቁጥር ሌላ ወሬ አመጣለሁ። እንዲህ እያልኩ አሥራ ስምንት ዓመት ሸሸሁ።

ባለፈው ዓመት አክስቴ ሰባ ዓመቷ ሞላ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ከእኔ በቀር ዘመድ የላትም፤ ጡረታም የላትም። አንድ ቀን ከሐኪም ቤት ተመልሳ ጫማዋን ሳታወልቅ ተቀመጠች።

«የአባዬ በሽታ ነው» አለችኝ። «ገና መጀመሪያው ነው ይላሉ። ውክልና ላንቺ ልሰጥሽ ነው፤ ሳልሄድ። ሐሙስ ቀጠሮ ይዣለሁ።»

ያን ወረቀት ከእጇ ዝም ብዬ ብቀበል ምን ዓይነት ሰው እሆናለሁ? ከጎኗ ተቀመጥኩ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ሜትሩን፣ ቁልፍ ቀራጩን፣ ገዢ ያልኳትን ሴት፣ ሁለት ጊዜ መጭመቄን። ስጨርስ ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ።

«እስክሪብቶውን ይዞ ነበር?» አለችኝ።

«ይዞ ነበር።»

«መያዝ ብቻ ነው ወይስ ጽፏል?»

«የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ጽፎ ነበር።»

«ሊሰጠኝ ነበራ» አለች። «እኔ እኮ ‹ልጄን አላምናትም› ብሎ የተነሳ መስሎኝ ነው አራት ዓመት ገላውን ያጠብኩት። ባጠብኩት ቁጥር ይህን እያሰብኩ ነው ያጠብኩት።»

ይቅር በይኝ አልኳት። ይቅር ብዬሻለሁም፣ አላልኩሽምም አላለችኝ። ሐሙስ ቀጠሮው ሰዓት ላይ ኮቷን ለብሳ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። ሹሙ እኔን አስወጣኝ፤ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። ፈርማ ወጣች።

አሁን በሽታው ብዙ ወስዶባታል። እናቴ መሞቷን ረስታለች፤ እኔ የነገርኳትንም ረስታለች። ያ «እናስብበት» ግን ከሃያ ዘጠኝ ዓመት በፊት የገባባት ነውና አልወጣላትም። ዛሬ ጠዋት ጀርባዋን ሳጥብላት ቀና ብላ አየችኝ፤ «አባዬ ለምንድን ነው ያላመነኝ?» አለችኝ።

ትናንትም ጠይቃኝ ነበር፤ ከትናንት በስቲያም። ፎጣውን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረግኩላትና ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ።

«አምኖሽ ነበር፣ አክስቴ» አልኳት። «እኔ ነኝ ያስቆምኩት።» ከዚያ ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት።